የካርቦን ገበያና የቆሸሸ ገንዘብ፦ ሌቦቹ አንድ ጆንያ ሳይሸከሙ 5 ቢሊዮን ዩሮ እንዴት ወሰዱ?

ሞባይል ልትገዙ አንድ ሱቅ ገባችሁ እንበል። ዋጋ ጠየቃችሁ። ሻጩ ግን መልስ ከመስጠቱ በፊት እሱም ይጠይቃችኋል፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይህን ጥያቄ ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ያለ ደረሰኝ 20,000 ብር የተባለው ስልክ በደረሰኝ 23,000 ይሆናል። ልዩነቷ 3,000 ብር 15 በመቶ ቫት ናት። ልብ በሉ፣ ይቺ 3,000 ብር የሻጩ አይደለችም፤ የመንግሥት ናት። ሻጩ ከእናንተ ተቀብሎ፣ ለጥቂት ጊዜ በአደራ ይዞ፣ ለገቢዎች የሚያስረክባት ገንዘብ ናት።

ታዲያ ሻጩ ደረሰኙን ቆርጦ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ቢጠፋስ?

ነገሩ የሰፈር ማጭበርበር ይመስላል አይደል? እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2009 ግን ይህችው ቀላል ብልሃት የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት የተቋቋመ ትልቅ ገበያ ውስጥ ገባች። የአውሮፓ ፖሊሶች ተቋም የሆነው ዩሮፖል በታኅሣሥ 2009 እንዳስታወቀው፣ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ብቻ የአውሮፓ መንግሥታት ወደ 5 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ግብር አጥተዋል። ዛሬ የማወራችሁ ይህ እንዴት እንደሆነ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፦ የካርቦን ገበያ ምንድን ነው?

የካርቦን ገበያ ሲባል ጭስ በጆንያ ታስሮ የሚሸጥ የሚመስለው ሰው አለ። እኔም ምህንድስና ስጀምር ነገሩ ግራ ያጋባኝ ነበር። የሚሸጠው ጭሱ አይደለም፣ ጭስ የመልቀቅ ፈቃድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መንግሥት በአንድ ዓመት ውስጥ ፋብሪካዎችና የኃይል ማመንጫዎች በጠቅላላ ሊለቁ የሚችሉትን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ይወስናል። ከዚያ ያን መጠን በቶን ከፋፍሎ ፈቃድ ያወጣል። አንድ ፈቃድ ማለት አንድ ቶን ማለት ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ ዓመቱ ሲያልቅ የለቀቀውን ያህል ፈቃድ ለመንግሥት ያስረክባል። አዲስ ማሽን አስገብቶ ልቀቱን የቀነሰ ፋብሪካ ፈቃድ ይተርፈዋል፣ ስለዚህ ይሸጣል። ያልቀነሰው ደግሞ ይገዛል። ጠቅላላ መጠኑ በየጊዜው እየጠበበ ሲሄድ ፈቃዱ ይወደዳል፣ መበከልም ኪሳራ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ሥርዓት የጀመረው በ2005 ነው።

ሁለተኛ ዓይነት ሸቀጥም አለ፤ የካርቦን ክሬዲት ይባላል። ይህ የሚገኘው ከመከልከል ሳይሆን ከመሥራት ነው። አንድ ማኅበረሰብ የተራቆተ ተራራ ላይ ደን አለማ እንበል። ደኑ ከአየር ላይ የሳበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለክቶና በገለልተኛ አካል ተረጋግጦ በቶን ልክ ክሬዲት ይሰጠዋል። ክሬዲቱን የሚገዛው ልቀቱን ማካካስ የሚፈልግ ድርጅት ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ያዙልኝ። ፈቃዱም ሆነ ክሬዲቱ ክብደት የለውም፣ መጋዘን አይፈልግም፣ አይበሰብስም። በኮምፒውተር መዝገብ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ በቃ።

የሚሽከረከረው ፈረስ

የአውሮፓው ማጭበርበር «ካሩሴል» ይባላል። ካሩሴል በመዝናኛ ፓርኮች ልጆች ተቀምጠውበት የሚሽከረከረው የፈረስ መጫወቻ ነው። ስሙ ለምን እንደተሰጠው በቁጥር እንየው። ሦስት ድርጅቶች አሉ እንበል፤ ሀ፣ ለ እና ሐ። ድርጅቶቹም ቁጥሮቹም ለማስረጃነት ሳይሆን ለማስረዳት የሰጠኋቸው ምሳሌዎች ናቸው።

ድርጅት ሀ ከፈረንሳይ ውጪ ባለ የአውሮፓ ኅብረት አገር ተቀምጧል። 100,000 ፈቃድ በ14 ዩሮ ሒሳብ፣ ማለትም በ1.4 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፈረንሳይ ላለው ድርጅት ለ ይሸጣል። በኅብረቱ ሕግ ነጋዴ ለሌላ አባል አገር ነጋዴ ሲሸጥ ቫት አይጨምርም። ስለዚህ ለ የገዛው ያለ ቫት ነው።

ለ ፈቃዱን እዚያው ፈረንሳይ ውስጥ ለሐ ይሸጣል። ይህ የአገር ውስጥ ሽያጭ ነውና ቫት ይጨመርበታል። በጊዜው የፈረንሳይ ቫት 19.6 በመቶ ነበር። በ1.4 ሚሊዮን ላይ ሲሰላ 274,400 ዩሮ ይመጣል። ለ ይህን ገንዘብ ከሐ ይቀበላል። ለመንግሥት ማስገባት ነበረበት፤ አላስገባም። ቢሮውን ዘግቶ ጠፋ። ስልኩ አይነሳም፣ አድራሻው ባዶ ቤት ነው፣ በሥራ አስኪያጅነት የተመዘገበውም ሰው ብዙውን ጊዜ ስሙን ብቻ ያዋሰ ምስኪን ነው።

ሐ ደግሞ ፈቃዱን መልሶ ወደ ውጭ ይሸጣል፤ ምናልባትም ለዚያው ለሀ። ወደ ውጭ ሲሸጥ ቫት ስለማይጨምር ለለ የከፈለውን 274,400 ዩሮ መንግሥት እንዲመልስለት ይጠይቃል። ደረሰኝ አለው፣ ደረሰኙም እውነተኛ ነው። መንግሥት ይመልስለታል።

ምን ሆነ ማለት ነው? መንግሥት ያልተቀበለውን ገንዘብ መለሰ። ፈቃዱ ወደ ሀ ተመልሷል፣ አንዲት ቶን አልጎደለችም። ፈረሱ አንድ ዙር ዞረ። አሁን በአዲስ «ለ» ሁለተኛ ዙር ይጀመራል። አሥር ጊዜ ከዞረ 2,744,000 ዩሮ ሆነ ማለት ነው።

ለምን ካርቦን?

ይህ ዘዴ በካርቦን አልተጀመረም። ከዚያ በፊት በሞባይል ስልክና በኮምፒውተር ቺፕ ይሠራ ነበር። ስልክ ግን ካርቶን አለው፣ ጭነት አለው፣ ድንበር ሲሻገር የሚያይ ዓይን አለ። አንድ ዙር ለመዞር ቀናት ይፈጃል። ካርቦን ግን በጥቂት ደቂቃ ከአገር አገር ይሻገራል። ሌቦቹ እንዲህ ያለ ሸቀጥ አልመው የማያገኙት ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የበሩ መከፈት ነው። ፋብሪካ የሌለው፣ ጭስ ለቆ የማያውቅ ሰውም ገበያው ውስጥ መነገድ ይችል ነበር። በአንዳንድ አገሮች ሒሳብ ለመክፈት የሚደረገው ማጣሪያ በጣም ልል ነበር። በዚህ ረገድ ስሟ በጣም የተነሳው ዴንማርክ ናት፤ ከቅሌቱ በኋላ ማጣሪያው ሲጠብቅ በመዝገቧ ላይ የነበሩት ሒሳቦች አብዛኞቹ ተሰርዘዋል።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ነው። የፋብሪካው ጭስ በትክክል ይለካ ነበር። ፈቃዱም እውነተኛ ነበር። የቫት ሕጉም ቢሆን ለብዙ ዓመታት የሠራ ሕግ ነው። የካርቦን መዝገቡን የሚያስተዳድሩት በብዙ አገሮች የአካባቢ ወይም የኃይል መሥሪያ ቤቶች ነበሩ፤ ሥራቸው ቶን መቁጠር እንጂ ሌባ መያዝ አልነበረም። ግብር ሰብሳቢው ደግሞ ካርቦን ምን እንደሆነ ገና እየተማረ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲታይ ደህና ነው። ቀዳዳው መገጣጠሚያው ላይ ነበር። የውኃ መስመር ዘርግቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳኛል፤ ቧንቧው አዲስ ሆኖ ሳለ ውኃ የሚያንጠባጥበው ብዙ ጊዜ ከመጋጠሚያው ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል ነበር? የፈረንሳይ ኦዲት ፍርድ ቤት እንደገመተው አገሪቱ ብቻዋን ወደ 1.6 ቢሊዮን ዩሮ አጥታለች። ዩሮፖል ደግሞ በአንዳንድ አገሮች ከግብይቱ እስከ 90 በመቶ የሚሆነው የማጭበርበር ውጤት እንደነበር ገምቷል። እስቲ አስቡት፤ ገበያው ደመቀ ተብሎ ሲወራ የነበረው በሚሽከረከር ፈረስ ነበር።

ገንዘቡስ እንዴት ይታጠባል?

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ቫቱን መስረቅ አንድ ወንጀል ነው። የተሰረቀውን ገንዘብ ሕጋዊ ማስመሰል ሌላ ወንጀል ነው፤ በተለምዶ የገንዘብ እጥበት የምንለው። ሌባ ሚሊዮን ዩሮ ይዞ ቤት ልግዛ ቢል «ከየት አመጣኸው?» ይባላል። መልስ ያስፈልገዋል።

እጥበት በሦስት ደረጃ ይከፈላል። መጀመሪያ የቆሸሸው ገንዘብ ወደ ባንክ ሥርዓት ይገባል። ከዚያ ምንጩ እንዳይታወቅ ከድርጅት ድርጅት፣ ከአገር አገር ይገላበጣል። በመጨረሻ ቤት፣ መኪና ወይም ሕጋዊ ንግድ ሆኖ ብቅ ይላል።

ከባዱ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚሠራ ወንጀለኛ ሻንጣ ሙሉ ብር ይዞ ባንክ መሄድ ያስፈራዋል። በካሩሴሉ ግን ይህ ችግር የለም። የተሰረቀው ቫት ሲጀመርም የመጣው በባንክ ዝውውር፣ ከደረሰኝ ጋር፣ የሸቀጥ ክፍያ ሆኖ ነው። ሁለተኛውም ደረጃ ቢሆን ራሱ ዙሩ ይሠራዋል፤ ፈቃዱ በዞረ ቁጥር ገንዘቡም በድርጅቶች መካከል ይገላበጣል፣ እያንዳንዱ ዝውውር ደግሞ «ካርቦን ገዛሁ» የሚል ማስረጃ አለው። የቀረው ገንዘቡን ሩቅ አገር ወዳለ ሒሳብ ማሻገር ብቻ ነው።

በ2016 የፓሪስ ፍርድ ቤት 283 ሚሊዮን ዩሮ የተመዘበረበትን አንድ መዝገብ አይቶ ዋናዎቹን ተከሳሾች በረጅም እስራት ቀጥቷል። በጀርመን ፍራንክፈርትም በ2011 ስድስት ሰዎች ተፈርዶባቸዋል። የተዘረፈው ገንዘብ ግን ተመልሶ የተገኘው በጥቂቱ ነው።

ገበያው በሌላ አቅጣጫም ሊያገለግል ይችላል። ከዕፅ ወይም ከሙስና ገንዘብ ያገኘ ሰው ፈቃድ ይገዛል፣ ጥቂት ቆይቶ በታወቀ የግብይት መድረክ ይሸጣል። ትንሽ ቢከስርም ግድ የለውም፤ አሁን ገንዘቡ «ከካርቦን ንግድ የተገኘ» ነው።

የይለፍ ቃል ሌቦችና ያገለገለው ቲኬት

ቫቱ ላይ በሩ ሲጠብ ሌላ በር ተንኳኳ። በ2010 መጀመሪያ ሌቦች ከመዝገቡ የተላከ የሚመስል ሐሰተኛ ኢሜይል ለድርጅቶች ላኩ። የተታለሉት የይለፍ ቃላቸውን አስገቡ፣ ፈቃዳቸው ተወሰደ። በኅዳር 2010 ሆልሲም የተባለው የሲሚንቶ ኩባንያ ሩማንያ ውስጥ 1.6 ሚሊዮን ፈቃድ ተሰረቀበት።

በጥር 2011 የሆነው ደግሞ ፊልም ይመስላል። ፕራግ ውስጥ የቼክ መዝገብ የሚተዳደርበት ቢሮ «ቦምብ ተቀምጧል» የሚል ስልክ ተደውሎ ሠራተኞቹ ከሕንፃው ወጡ። በማግስቱ አንድ ድርጅት ሒሳቡን ሲያይ ወደ 475,000 የሚጠጋ ፈቃዱ የለም። በእነዚያ ሰሞን ከተለያዩ አገሮች በጠቅላላ ወደ 2 ሚሊዮን ፈቃድ፣ በገንዘብ ወደ 30 ሚሊዮን ዩሮ የሚገመት፣ ተሰረቀ። የአውሮፓ ኮሚሽን ጥር 19 ቀን በመዝገቦቹ መካከል የሚደረገውን ዝውውር አቆመ።

አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ልጨምር። በመጋቢት 2010 ፓሪስ በነበረው ብሉኔክስት በተባለው የካርቦን ገበያ ላይ ያገለገሉ ክሬዲቶች ተገኙ። የሃንጋሪ ፋብሪካዎች ለመንግሥታቸው አስረክበዋቸው ነበር። መንግሥት ከአውሮፓ ገበያ ውጪ እንዲያገለግሉ ብሎ ሸጣቸው፤ ዞረው ዞረው ግን እዚያው አውሮፓ ተመለሱ። የተቀደደ የአውቶቡስ ቲኬት በሙጫ አጣብቆ እንደገና እንደመሳፈር ቁጠሩት። ብሉኔክስት ለጊዜው ግብይቱን ለማቆም ተገደደ። ከቫቱ ሌብነት ይልቅ ለአየር ንብረቱ የሚያሰጋው እንዲህ ያለው ነው። ምክንያቱም አንድ ቶን ሁለት ጊዜ ከተቆጠረ፣ ወረቀቱ ላይ የቀነሰው ጭስ ሰማዩ ላይ አልቀነሰም።

ቀዳዳው እንዴት ተደፈነ?

መፍትሔዎቹ ቀላል ናቸው፣ ለዚያም ነው የምወዳቸው።

አንደኛ፣ ቫቱ በሻጩ እጅ እንዳያልፍ ማድረግ። በመጋቢት 2010 የወጣ የአውሮፓ ሕግ አባል አገሮች የካርቦን ቫትን ከሻጩ ሳይሆን ከገዢው እንዲጠይቁ ፈቀደ። ገዢው ቫቱን በራሱ መዝገብ ያወራርዳል። አደራ የሚያስይዙት ገንዘብ ከሌለ ይዞት የሚጠፋ አይኖርም። ፈረንሳይ ቀደም ብላ በሰኔ 2009 ቫቱን ስታነሳ የብሉኔክስት ግብይት ወዲያው አሽቆለቆለ። የማጭበርበሩ ስፋት የታወቀውም በዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ የተበታተኑት መዝገቦች በ2012 ወደ አንድ የኅብረቱ መዝገብ ተሰበሰቡ። ሒሳብ ለመክፈት ማንነትን በሰነድ ማረጋገጥ ግድ ሆነ። አንድ ሰው ያዘዘውን ዝውውር ሁለተኛ ሰው እንዲያጸድቀው የሚያደርግ አሠራር መጣ።

ሦስተኛ፣ ዝውውር 26 ሰዓት እንዲዘገይ ተደረገ። እኛ መሐንዲሶች ፍጥነት እንወዳለን፤ እዚህ ግን ደኅንነቱ ያለው መዘግየቱ ውስጥ ነው። የተሰረቀበት ሰው ነቅቶ «ይህን እኔ አላዘዝኩም» የሚልበት ጊዜ ያገኛል።

አራተኛ፣ ከጥር 2018 ጀምሮ ፈቃዱ በአውሮፓ ሕግ እንደ አክሲዮንና ቦንድ የፋይናንስ ሰነድ ተብሏል። ስለዚህ ካርቦን የሚያገበያዩ ድርጅቶች ደንበኛቸውን የማወቅና አጠራጣሪ ዝውውርን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው።

ካርቦን ታክስ ይሻል ይሆን?

«ገበያው ይህን ያህል ጣጣ ካለው፣ መንግሥት ለምን በቀጥታ በቶን ይህን ያህል ብር ክፈሉ አይልም?» የሚል ጥያቄ ሊመጣባችሁ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ካርቦን ታክስ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ሸቀጥ አይፈጥርም። የሚሽከረከር ነገር ከሌለ ካሩሴል የለም። ልቀትን አሳንሶ ማሳወቅ ግን ያለ ነው፤ ያ ተራ የግብር ስወራ ነው።

ሁለቱ የሚቀላቀሉበትም ጊዜ አለ። ደቡብ አፍሪካ በሰኔ 2019 ካርቦን ታክስ ስትጀምር፣ ድርጅቶች ከልቀታቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን በክሬዲት እንዲያካክሱ ፈቅዳለች። ክሬዲት በገባበት ደግሞ የክሬዲት ጣጣ አብሮ ይገባል፤ ክሬዲቱ እውነተኛ ነው ወይ? ሁለቴ አልተሸጠም ወይ? ዋጋው ትክክል ነው ወይ?

የዋጋው ነገር ላይ ትንሽ እንቆይ። የአንድ የደን ክሬዲት ዋጋ እንደ ቡና በየቀኑ በአደባባይ የሚታወቅ አይደለም። ብዙው የሚሸጠው በሁለት ወገኖች የግል ድርድር ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ውጭ አገርም እዚህም ድርጅት አለው እንበል። የውጩ ድርጅቱ ከዚህኛው ክሬዲት በአምስት እጥፍ ዋጋ ይገዛል። ትርፉ የቆሸሸ ገንዘብ ነው፤ አገር ውስጥ የሚገባው ግን የወጪ ንግድ ገቢ ሆኖ፣ ምናልባትም እየተጨበጨበለት ነው። ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ማለት ይህ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በወላይታ ሁምቦ የሚኖሩ አርሶ አደሮች 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራማ መሬት ከልለው፣ ከመሬት በታች በሕይወት ከቆዩ የዛፍ ጉቶዎች ደኑ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ አድርገዋል። ፕሮጀክቱ በ2009 በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመዝግቦ፣ በዓለም ባንክ በኩል ካርቦን ሸጦ ለማኅበራቱ ገቢ አስገኝቷል። እዚያ ያለው ቶን እውነተኛ ነው፤ ሄዶ ሊነካ ይችላል።

ሐሰተኛ ክሬዲትና የቆሸሸ ገንዘብ በገበያው በበዙ ቁጥር ገዢው ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ይጀምራል። ያኔ ዋጋ የሚቀነስበት ሌባው ሳይሆን ጉቶውን እየጠበቀ ደን ያሳደገው ገበሬ ነው። ለአገርም መዘዝ አለው። ኢትዮጵያ የገንዘብ እጥበት መከላከያ ሥርዓቷ ድክመት አለበት ተብላ ከየካቲት 2017 እስከ ጥቅምት 2019 በፋይናንሺያል አክሽን ታስክ ፎርስ የክትትል ዝርዝር ውስጥ ነበረች። እንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ መግባት የአገሪቱን ባንኮች ከውጭ ባንኮች ጋር የሚያደርጉትን ሥራ ያከብድባቸዋል።

ስለዚህ ነገ ከእናንተ መካከል አንዱ የካርቦን ፕሮጀክት ላይ ቢቀጠር፣ ወይም አንድ ዘመድ «ካርቦን ላይ ገንዘብ አስቀምጥ፣ በወር እጥፍ ይሆናል» ቢለው፣ አራት ጥያቄ ይጠይቅ። ቶኑን የለካው ማን ነው? በየትኛው መዝገብ፣ በስንት ቁጥር ተመዝግቧል? ከዚህ በፊት ጥቅም ላይ ውሎ ተሰርዟል? ሻጩና ገዢው እነማን ናቸው፣ ገንዘቡስ ከየት መጣ? የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ከቁጥርና ከመዝገብ ጋር የሚሠሩ ሰዎች ይመልሷቸዋል። አራተኛውን ግን በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ ማንም የእኔ ሥራ ነው ብሎ አልጠየቀውም ነበር፤ 5 ቢሊዮን ዩሮውም የወጣው በዚያ በኩል ነው።